የዛሬ ቲማቲም፣ የነገ ቲማቲም

ሱቄን ለልጄ ለፈትያ ያስረከብኩት በወግ በማዕረግ አይደለም። አንድ ጠዋት የካሮት ማዳበሪያ ወደ ሚዛኑ ሳነሣ ወገቤ ጮኸ። አንዷ ደንበኛ «ጋሽ ከድር፣ ሚዛኑ ነው የጮኸው?» አለችኝ። «አዎ፣ ዘይት ይፈልጋል» አልኳት። ፈትያ ከኋላዬ ቆማ ሰምታ ኖሮ፣ በዚያው ሳምንት የሱቁን ቁልፍ ከኪሴ ወሰደችው። ጡረታዬ ይኼው ነው፤ ደብዳቤ የለው፣ ሽኝት የለው፣ በስጦታ ወረቀት የተጠቀለለ የእጅ ሰዓት የለው።

ቁልፉን ከወሰደች በኋላ አንድ ቀን አጠገቤ ቁጭ አለችና «አባ፣ አንድ ቤት በሳምንት ስንት ጊዜ ነው አስቤዛ የሚገዛው?» አለችኝ።

«ለምን ጠየቅሽ?»

«በሳምንት አንድ ጊዜ በጥቅል ላደርገው ነዋ። ሰው በስልክ ኦርደር ያደርጋል፣ በሞተር ቤቱ ድረስ ይሄድለታል፣ አለቀ። ያጠራቀምኳትን ሁሉ ሞተሩ ላይ ላውላት ነው።»

የያዝኩት የሻይ ብርጭቆ አፌ ሳይደርስ ቆመ። ጥቅል! ጎሮ ውስጥ ይህችን ነገር መጀመሪያ ያመጣኋት እኔ ነኝ፤ ሱቄን ልታሳጣኝ የነበረችውም እሷው ናት። «ተይ» ልላት አሰብኩ። ግን እኔም «ተው» ተብዬ ነው የገባሁበት። ስለዚህ «ጥያቄሽ አጭር ነው፤ መልሱ ግን የእኔን ዕድሜ ያህላል። ሻይ ድገሚልኝና ተቀመጪ» አልኳት። እዚህ የምጽፈው ያን ቀን የነገርኳትን ነው፤ በኋላ የሆነውንም ጨምሬ።

ሥራ የጀመርኩት ሩዋንዳ ሰፈር፣ ሐጂ ይመር ሱቅ ነው። ሐጂ የወሎ ሰው ናቸው፣ እኔ የስልጤ ልጅ። የሰፈሩ ሰዎች «ወሎዬ ለስልጤ ልጅ ንግድ ያስተምራል፤ ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» እያሉ ይስቁብን ነበር። ደመወዜ ትንሽ፣ ምሳዬ ትልቅ ነበር። ስለ ደመወዝ ከዚህ በላይ አልጽፍም። ስለ ዱቤ ደግሞ ጨርሶ አልጽፍም፤ ከጀመርኩት ወረቀት አይበቃኝም።

ሐጂ ሦስት የእንጨት ሳጥን ነበራቸው። ቲማቲም ከአትክልት ተራ ሲመጣ አንድ በአንድ በጣታቸው ጀርባ ይነኩታል። በጫፉ አይደለም። «ጫፉ ይጨምቃል፣ ጀርባው ይጠይቃል» ይሉ ነበር። ከዚያ ይለያሉ፤ አንደኛው ሳጥን የዛሬ፣ ሁለተኛው የነገ፣ ሦስተኛው የከነገ ወዲያ። ደንበኛ ሲመጣ «ስንት ኪሎ?» ብለው አይጀምሩም። «መቼ ነው የሚሠራው?» ነው የሚሉት። ለዛሬ ምሳ ከሆነ ከቀዩ፣ ለሐሙስ ከሆነ ገና አረንጓዴ ካለበት። ለሦስት ቀን የምትገዛ ሴት ከሦስቱም ሳጥን ይነሣላታል፤ ቤቷ ገብቶ ቲማቲሙ ተራውን ጠብቆ ይበስላል።

አንድ ቀን ሰልፍ በዝቶ «ሐጂ፣ ዝም ብለን ስንት ኪሎ ብንል አይፈጥንም?» አልኳቸው።

«ኪሎውን ሚዛኑም ያውቀዋል ልጄ። ቀኑን የምታውቀው ባለ ድስቷ ናት» አሉኝ።

ሌላው ልማዳቸው ከፊት በፊት እጅ ማየት ነበር። ባዶ እጁን እየሮጠ የመጣ ድስት ጥዶ ነው፤ እንዳታቆመው። ዘንቢል ያንጠለጠለች ለሁለት ለሦስት ቀን ልትገዛ ነው፤ ታማርጥ፣ ተዋት። ማዳበሪያ አጣጥፎ በብብቱ የያዘ የወሩን አስቤዛ ሊሸከም ነው፤ ወንበር ስጠው። እኔ መጀመሪያ የሽማግሌ ጨዋታ መስሎኝ ስቄ ነበር። በስድስተኛው ወር ሰው ከመንገዱ ማዶ ሳለ ምን እንደሚገዛ መናገር ጀመርኩ።

እንዲህ እያልኩ ሰፈሩን በእጁ አወቅሁት። የእንግዳ ማረፊያዎቹ ወጥ ቤቶች በየማለዳው ይመጣሉ፤ የዛሬን እንግዳ ቁጥር ትናንት ማን ያውቃል? የግንባታ ሠራተኛ በየምሽቱ ይመጣል፤ የሚከፈለው በቀን ስለሆነ ዘይቱም የአንድ ቀን ነው። ደመወዝተኛው በወር አንዴ ጌታ ይሆንና ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ ለሽንኩርት ብቅ ይላል። ፍሪጅ ያለውም ቢሆን፣ መብራት በፈረቃ በነበረ ጊዜ፣ ከሌለው እኩል ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አካባቢ ተከራይታ የምትኖር አንዲት ሆስተስ ደግሞ በአሥር ቀን አንዴ ብቻ ትመጣለች። ሁሌ ስድስት እንቁላልና ሁለት ሎሚ። አንድ ቀን ሰላጣ ልሸጥላት ታገልኩ።

«ከድሬ» አለችኝ፣ «ሰላጣውን ሳጥበው እዚህ ነኝ፤ ሲጠወልግ ዱባይ ነኝ። ማን ያልቅስለት?»

በሱቁ ግድግዳ ላይ ጎን ለጎን ሁለት ወረቀት ተሰቅሎ ነበር። አንዱ የሶላት ሰዓት ነው። ሌላው የጾምና የበዓል ቀኑን ሁሉ የያዘ የቤተ ክርስቲያን ካላንደር ነው። ደንበኛ ሰጥቷቸው፣ ላለማስቀየም የሰቀሉት ነበር የሚመስለኝ። ሐጂ ጠዋት ጠዋት መቁጠሪያቸውን ይዘው ሁለቱንም ያያሉ። እኔ አንዱን ብቻ። ይህችን ያዙልኝ።

ከዓመታት በኋላ ጎሮ ኮንዶሚኒየም ተሠራና ሰው መግባት ጀመረ። ቀለሙ ገና ይሸታል፣ መንገዱ ጭቃ ነው። እኔ ከምድር ቤቱ ሱቆች አንዱን ተከራየሁ። ሐጂ ሲመርቁኝ ሦስቱን ሳጥኖች አብረው ሰጡኝና አንድ ምክር ጨመሩ።

«አንድ ወር ተቀመጥና እይ። ለምን እንደሚመጡ ሳታውቅ፣ እንዳይመጡ አታድርጋቸው።»

ምክሩ አልገባኝም፤ ሳጥኖቹን ብቻ ወሰድኩ።

የከፈትኩት በዐቢይ ጾም ነው። ገበያው ጉድ ነው! ጎመን፣ ካሮት፣ ድንች፣ ቀይ ስር፣ ቃሪያ ከእጄ ይነጠቃል። ከሁሉ የደነቁኝ እትዬ አስካለ ናቸው። ከመሀል ከተማ፣ ከድሮ ሰፈራቸው ተነሥተው የመጡ፣ አራተኛ ፎቅ የሚኖሩ ሴት ናቸው። በየቀኑ፣ አንዳንዴም ሁለቴ ይወርዳሉ። ጠዋት ሁለት ራስ ሽንኩርት፣ ከሰዓት አንድ ካሮት። ያን ሁሉ ደረጃ ለአንድ ካሮት! አዘንኩላቸው። እውነቱን ለመናገር፣ ለእሳቸውም አዘንኩ፣ ለሚዛኔም አዘንኩ።

ያኔ ነው ጥቅል የመጣልኝ። የሳምንቱን አትክልት በአንድ ማዳበሪያ አስሬ፣ ሰኞ ሰኞ በር ድረስ ላደርስ። ከፎቅ ፎቅ ወጥቼ ነገርኳቸው። ሁሉም «እሺ» አሉ። «እሺ ከድር፣ ጎበዝ!» «እሺ፣ ተባረክ!» በአዲስ አበባ ስንት ዓይነት እሺ እንዳለ ሩዋንዳ ሰፈር ተምሬ መምጣት ነበረብኝ። «አዎ» የሚል እሺ አለ፤ «እናያለን» የሚል እሺ አለ፤ «አሁን በሩን ልዝጋው» የሚልም እሺ አለ። እኔ ሁሉንም በአንድ ሚዛን መዘንኳቸው።

መጀመሪያውን ቀን ደግሞ ለፋሲካ ማግስት አደረግሁት። በዓሉ አልፎ ሰው ወደ ኑሮው ይመለሳል ብዬ ነው። ቅዳሜ አትክልት ተራ ስሄድ ሽንኩርቱ አይቀመስም፣ ጎመንና ካሮቱ ግን ዋጋው ወድቋል። «አቤት ዕድሌ!» ብዬ ያለኝን አፈሰስኩበት፤ የሚቀጥለው የቤት ኪራይም እዚያው ገባ። ለምን ረከሰ ብዬ አልጠየቅሁም። ነጋዴ ሲወደድበት ይጠይቃል፤ ሲረክስለት ግን ጥያቄው ይጠፋበታል።

ሰኞ የመጀመሪያውን ማዳበሪያ ተሸክሜ አራተኛ ፎቅ ወጣሁ። እትዬ አስካለ በሩን ሲከፍቱ የዶሮ ወጡ ሽታ ደረቴን ገፋኝ።

«ምንድን ነው እሱ?»

«ጥቅሉ ነው እትዬ። የሳምንቱ።»

ማዳበሪያውን ፈተው አዩ። «ከድር፣ ምን ነካህ? ሁለት ወር ሙሉ ጎመን ሳኝክ ከርሜ፣ ገና ትናንት ብፈታ፣ በማግስቱ ጎመን ታመጣብኛለህ?» ዘወር ብለው ወደ ቤት ተጣሩ። «ኑ እዩ፣ ከድር ሊያስጾመን መጣ!»

ውስጥ ያለው እንግዳ ሁሉ ሳቀ። የጎረቤትም በር ተከፍቶ ሳቀ። እኔም አብሬ ሳቅሁ፤ ሆዴ ግን አልሳቀም። ከሃያ ቤት የወሰደልኝ አንድ ሆነ፤ እሱም ባለቤቱ ስኳር ስላለባት ነው።

አብሽር አልኩ ለራሴ፤ ረቡዕ አለ። ረቡዕና ዓርብ እንደሚጾም ማን ያጣዋል? ማክሰኞ ማዳበሪያዎቹን እንደታሰሩ ጥላ ሥር አስቀመጥኳቸው። ረቡዕ ጠዋት ደረጃውን ስወጣ ከየፎቁ ቅቤ ይሸተኛል። አንደኛ ፎቅ ጥብስ፣ ሁለተኛ ፎቅ ክትፎ፣ ሦስተኛ ፎቅ ምን እንደሆነ ባላውቅም ከጎመን ዘር አይደለም።

«እትዬ አስካለ፣ ዛሬ ረቡዕ አይደለም እንዴ?»

ሴትየዋ አዩኝ፤ አሁን አልሳቁም። «አንተ ልጅ፣ ከፋሲካ በኋላ ሃምሳ ቀን ረቡዕም ዓርብም አይጾምም እኮ። ይኼን ያህል ዘመን ስትነግድ የነገረህ የለም?»

ሃምሳ ቀን! ሩዋንዳ ሰፈር ደንበኞቻችን አብዛኞቹ ማረፊያና ምግብ ቤት ነበሩ፤ ሰላጣቸው ጾም ፍስክ አይልም። የቀረውን ሐጂ ካላንደራቸውን እያዩ ዕቃውን ይቀንሳሉ፣ ይጨምራሉ። እኔ የማየው የተስተካከለውን ሳጥን ብቻ ነበር። ያ ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ያን ቀን ከዓይኔ ፊት መጥቶ ቆመ።

ሐሙስ ቲማቲሙ ያለቅስ ጀመር። ዓርብ ሱቄ ሌላ ሽታ አመጣ። ኪራዩ አሥር ቀን ቀርቶታል፤ የምከፍልበት አትክልት ቀለሙን እየቀየረ ነው። ሱቁን ለቅቄ ሩዋንዳ በምን ዓይኔ እመለሳለሁ እያልኩ ሳስብ ታክሲ ቆመና ሐጂ ወረዱ። ማን እንደነገራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ነጋዴ ሲወድቅ ወሬው ታክሲ አይጠብቅም።

ቁጣ ጠብቄ ነበር። ኮታቸውን አውልቀው ምስማር ላይ ሰቀሉና «ማዳበሪያዎቹን ፍታቸው» አሉኝ። መሬት ላይ ሸራ ዘርግተን እስከ ጁምዓ ሶላት ለየን። የዛሬ፣ የነገ፣ የከነገ ወዲያ። አራተኛ ክምር ደግሞ ነበር፤ ስም አልሰጡትም።

ጠንካራውን ሩዋንዳ ላሉት ማረፊያዎች ይዘውልኝ ሊሄዱ ሆነ። የበሰለውን ቲማቲም ግንባታው አጠገብ ምግብ የሚሸጡት ሴቶች ለስልስ ወሰዱት። ስም የሌለውን ክምር ከፋሲካ የተረፉ የሰፈር በጎች በሉት፤ ምስኪኖች፣ ሃምሳውን ቀን ከእኔ በላይ ሊፈሩት ይገባ ነበር።

እጃችንን ስንታጠብ ሐጂ «ለመሆኑ ያቺ ካሮት የምትገዛው ሴትዮ፣ በየቀኑ ለምንድን ነው የምትወርደው?» አሉኝ።

«ፍሪጅ ስለሌላቸው ነው።»

«ጠይቀሃታል?»

የታጠበውን እጄን እንደገና አጠብኩ።

«ያረቢ! ይኼን ሁሉ ዕቃ ስትገዛ አንድ ጥያቄ አልገዛህም?»

በማግስቱ እትዬ አስካለ ለሁለት ራስ ሽንኩርት ሲወርዱ ጠየቅኋቸው። ሳቁብኝ። ፍሪጅ አላቸው፤ ያውም ከሱቄ በር የሚረዝም።

«ስማ ከድር» አሉኝ። «ድሮ ሰፈሬ ሳለሁ ከአጥር ወዲያ ያስነጠሰውን አውቀው ነበር። እዚህ ሁሉም ብረት በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ማን ወለደች፣ ማን ታመመ፣ የምሰማው ደረጃ ላይና አንተ በር ላይ ነው። ዝም ብዬ ብወርድ ‹ይቺ ሴትዮ ሥራ የላትም› እባላለሁ። ሽንኩርት ይዤ ስታይ ግን ባለ ጉዳይ ነኝ። የሳምንት የገዛሁ ዕለት ሳምንት ታሰርኩ ማለት ነው።»

ሐጂ ተመልሰው ሲመጡ የእትዬ አስካለን ቃል ስነግራቸው ብዙ አልተናገሩም። ሦስቱን ሳጥኖች አንሥተው ከሱቁ ፊት ለፊት ገለበጧቸው፣ በላያቸው ጣውላ ጣሉ።

«ቲማቲም ካልያዙ ሰው ይያዙ» አሉ።

ጣውላው ላይ መጀመሪያ የተቀመጡት እትዬ አስካለ ናቸው። በሳምንቱ ቦታ አልተገኘም። ለአንድ ካሮት የወረደች ሴት ጎረቤቷ እስክትመጣ ስትጠብቅ እንቁላሉን ታያለች፣ ዝንጅብሉን ትነካለች፣ «እስቲ ስጠኝ» ትላለች። የሚገዛው ያው ጥቂት ነው፤ ግን በየቀኑ ነው፣ ከየፎቁም ነው። የሱቁን ባለቤት ለኪራዩ ሁለት ሳምንት እንዲታገሠኝ ለመንኩት፤ በሁለተኛው ሳምንት ተከፈለ። ግድግዳዬ ላይም ሁለት ወረቀት ሰቀልኩ፤ የሶላት ሰዓትና የጾም ካላንደር። ካላንደሩን ያመጡልኝ እትዬ አስካለ ናቸው፤ ሃምሳውን ቀን በቀይ እስክሪብቶ ከብበውበት። ሐጂ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ ሲያዩት ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ።

ፈትያ እስከዚህ ድረስ ሰማችኝ። ሻዬ ቀዝቅዟል። አሁን ትደነግጣለች፣ ሞተሩን ትተዋለች ብዬ ስጠብቅ፣

«አባ፣ ይኼን ታሪክ እኮ ከልጅነቴ ጀምሮ በየፋሲካው ነው የምትነግረኝ» አለችኝ። «ቴንሽን አትፍጠር። የምጀምረው ሃምሳው ቀን ካለቀ በኋላ ነው።»

«የእሱን ተይው። ለምን እንደሚመጡ ጠይቀሻል?»

«አንድ ወር ሙሉ ጣውላው ላይ ተቀምጬ የከረምኩት ለምን መሰለህ?»

እኔ ደግሞ ልጄ ሥራ ፈታች ብዬ ስናደድ ነበር።

ከዚያ ዘረዘረችልኝ። እነ እትዬ አስካለ ጥቅል አይነኩም፤ እሷም አትሰጣቸውም። ከፊታችን የተሠሩት አዳዲስ አፓርታማዎች ውስጥ የገቡት ግን ሌላ ናቸው። ባልም ሚስትም ሥራ ውለው፣ በትራፊክ ተገትረው፣ ሲመሽ ነው የሚገቡት። አንዱ ባንክ የሚሠራ ሰው «ቀኑን ሙሉ ሰው ሳናግር ነው የምውለው፤ ሽንኩርት እንኳን ዝም ብሎ ይምጣልኝ» ብሏታል። ለአንዱ ሽንኩርት ሰው ማግኛ ነው፣ ለሌላው ከሰው ማረፊያ። ሠላሳ ዓመት ስነግድ ይህን ሁለተኛውን አላሰብኩትም ነበር።

ሃምሳው ቀን አለቀ። የመጀመሪያው ሰኞ ነገር እያባባኝ፣ ወገቤን ይዤ፣ ሳልጠራ ሱቅ ሄድኩ። ፈትያ መሬት ላይ ሸራ ዘርግታለች። ቲማቲሙን በጣቷ ጀርባ ትነካለች። ለእያንዳንዱ ቤት አንድ ትልቅ ከረጢት፣ በውስጡ ሦስት ትንንሽ። በእጅ ጽሕፈቷ ተጽፎባቸዋል፤ ለዛሬ፣ ለነገ፣ ለከነገ ወዲያ። ሐሙስ ትኩስ ትኩሱን ለምትጨምርበትም አንድ ባዶ ከረጢት አለ። ስልኳ ሲጮህ አንሥታ «እሺ ወንድሜ፣ መቼ ነው የሚሠራው?» ስትል ሰማሁ። ፊቴን ወደ ማሽላው ጆንያ አዞርኩ። የሽንኩርቱ ሽታ ነው አልኳት።

ሞተሩ ሄደ፣ ባዶውን ተመለሰ፣ እንደገና ሄደ። በጎቹ ምንም አላገኙም።

አሁን የሚቀረው የእኔ ጉዳይ ነው። ፈትያ የእኛንም ቤት ደንበኛ አድርጋ መዝግባዋለች። ሰኞ ሰኞ ሞተሩ በራችን ይቆማል፤ ከነሎሚው፣ ከነዝንጅብሉ፣ ምንም የሚጎድል የለም። ባለቤቴ «ይኸው፣ ዕድሜ ልክህን ለሰው ስትመዝን ኖረህ፣ አሁን ተቀምጠህ ብላ» አለችኝ። ሰኞ ተቀምጬ በላሁ። ማክሰኞ ጠዋት ኩሽና ገብቼ ዕቃውን ሁሉ አገላበጥኩ። የሚጎድል ነገር ፈልጌ አጣሁ። እንግዲህ አንድ ሎሚ ጨመቅሁና ጠጣሁት።

ሱቁ ጋ ስደርስ እትዬ አስካለ በጣውላው ላይ ተቀምጠዋል፤ በከዘራ ነው አሁን የሚወርዱት፣ ደግሞም በየቀኑ። ባዶ እጄን አዩና ጠጋ አሉልኝ።

«መጣህ?»

«ሎሚ አልቆብን ነው እትዬ።»

«እህ! እኔም ሽንኩርት አልቆብኝ ነው። ቁጭ በል።»

ተቀመጥኩ። ሦስተኛ ፎቅ ያለችው ልጅ መንታ መውለዷን፣ የጥበቃው ልጅ ማትሪክ ማለፉን፣ ውኃ ሐሙስ እንደሚመጣ ሰማሁ። ፀሐዩ ወደ ሱቁ በር ሲጠጋ ፈትያ አንድ ሎሚ ይዛ ብቅ አለች። ትናንት የላከችልኝን አምስት ሎሚ ታውቀዋለች፤ እኔም እንደምታውቅ አውቃለሁ። ፊቴን አላየችም። እጄን አየችው፣ ባዶ እጄን።

«ጋሽ ከድር፣ መቼ ነው የሚሠራው?»

«ዛሬ» አልኳት። «የነገውን ነገ መጥቼ እወስዳለሁ።»